የተሰማ አንድ ዘፈን

ተሰማ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. ካርቱም ገብቶ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በሚገኝ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ኖረ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጀብራ ሰፈር በተከራዩት ክፍል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሮክ ይጫወት ነበር። ሠርግ ላይ የሚጠራቸው ሁሉ የሚፈልገው እስክስታ ነበርና የራሳቸውን ሙዚቃ የሚያዳምጥ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ጊታሩን የሚያስጓራውን ሣጥን ተሰማ ከተጣሉ የመኪና ራዲዮኖች ዕቃ ለቅሞ ሠርቶታል።

በ1996 ዓ.ም. ሦስተኛውን ካሴት ሲጀምሩ የመጨረሻቸው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ድራም መቺው ከቢር ማክሰኞ ወደ ካናዳ ይበራል፤ ድምፃዊቷ ህሊናም በወሩ ትከተላለች። ዘመኑን ሁሉ ከኋላ ቆሞ ጊታር የመታው ተሰማ አንድ ዘፈን ልዝፈን ብሎ ለመናቸው። በስደት መንገድ ላይ ስለ ሞተበት ወንድሙ የጻፈው ነው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ወፍራምና ያልተቀባባ ነበር፤ ለዚያ ዘፈን ይበቃል።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሊቀርጹ ሲሉ መብራት ጠፋ። የጎረቤት ጄኔሬተር ተውሰው ጨረሱ። ቅዳሜ ድራሙ ተሸጠ። ሰኞ መብራት ተመልሶ ሲያዳምጡት ዘፈኑ ይሮጣል፤ የተሰማም ድምፅ ቀጥኗል።

«ጋሼ ተሰማ፣ ድምፅህ መቼ ነው የሚጎረንነው?» አለች ህሊና።

ተሰማ አልሳቀም። የአሮጌው መቅረጫ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። ጄኔሬተሩ ደካማ ስለነበር ክሩ እየተጎተተ ቀርጿል፤ በደኅናው መብራት ደግሞ ይፈጥናል። በሙያው ይህን ማወቅ ነበረበት። ለመዝፈን ቸኩሎ ሳይለካ ሰካው።

«ድራሙ ተሸጧል፤ እንደገና አንቀርጸውም። ይቅር፤ ሰባቱ ዘፈን ይበቃል» አለ።

«ወላሂ አይቀርም!» አለ ከቢር። «አያ፣ ያበላሸው ጄኔሬተር አይደለም እንዴ? እሱው ያቃናዋ!»

ተሰማ ዘዴው ገብቶት ተነሣ። መቅረጫውን በጄኔሬተሩ እያዘገሙ ማጫወት፣ ድምፁንም በደኅናው መብራት ወደሚሠራ ሌላ ቴፕ መገልበጥ ነው። ልኩን ግን የሚያውቅ ጆሮ ብቻ ነው።

ከቢር ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የጄኔሬተሩን ነዳጅ መስጫ በቀኝ እጁ ያዘ። በጩኸቱ ዘፈኑ አይሰማውም፤ በመስኮቱ የተሰማን እጅ ያያል። ተሰማ ከቴፑ ጋር በለሆሳስ እየዘፈነ፣ የተቀረጸው ድምፅ ከራሱ ሲቀጥን መዳፉን ዝቅ፣ ሲወፍር ከፍ ያደርግ ነበር።

«ያላ፣ ቀስ! እንዲያ! አትንካው!» እያለ ተሰማ በመሐል በመስኮቱ ይጮኽለታል።

አራት ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። በሦስተኛው አንጓ ላይ የቴፑ ድምፅ ለአፍታ ወፍሮ ወረደ።

«አንድ ጊዜ እንድገመው?» አለች ህሊና።

ተሰማ በመስኮቱ ተመለከተ። ከቢር ድምፁ በወረደበት ቅጽበት ነዳጅ መስጫውን ለቆ በቀኝ እጁ ዓይኑን ጠርጎ ኖሯል።

«ላብ ነው፤ ላብ» አለ ከቢር ከግቢው።

«አንደግመውም» አለ ተሰማ። ዘፈኑም እንዳለ ካሴቱ ውስጥ ገባ።