በጓን ማን ፈታት?

ቤተል ያደገችው ሰቃ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው እዚያ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ ትጫወት ስለነበር፣ ሁሉም «ነርስ ትሆናለች» ሲል እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሙዚቃ ድርሰት ማጥናት ጀመረች።

በመጨረሻው ዓመት መምህሯ አቶ ፈለቀ ከባድ ሥራ ሰጧት። አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው ከኋላ ተከትሎ የሚይዝበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን የሚያሳድድበት ድርሰት ነው፤ ፊውግ ይሉታል።

«ግጥሙ አጭር ይሁን» አሏት። «ዋናው የድምፆቹ መሯሯጥ ነው።»

ቤተል ብዙ አላሰበችም። «በጓን ማን ፈታት? እኔ አይደለሁም!» ብላ ጻፈች፤ አለቀ።

ዘማሪ ፍለጋም ሩቅ አልሄደችም። ሄርማታ በሚባለው ሰፈር በሐጂ አብደላ ግቢ ተከራይታ የምትኖረው ከአክስቷ ከሙሉነሽና ከአክስቷ ልጅ ከሲሞን ጋር ነበር። ሲሞን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ችግሩ መቼ እንደሚገባ አያውቅም። ሙሉነሽ ደግሞ ተራ መጠበቅ አትወድም። ሲሞን ሲሳሳት እሷ ለማረም ትጮኻለች፣ እሱም እንዳይበለጥ ይጨምራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ አብደላ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ግማሽ አለ።

«ቢስሚላህ፤ በሉ ተረጋጉ» አሉ ሐጂ። «ሙሉነሽ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ከዙሁር ሶላት ጀምሮ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይክዳል። ተናገሩ፤ ማነው የፈታት?»

«ኧረ ማንም አልፈታም ሐጂ! ሙዚቃ ነው።»

«ይሄ?»

«የቤተል የዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው።»

«አይ ልጄ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ በሐዘን። «ያን ያህል ተምራ?»

ቤተል በቃል ማስረዳት ሲያቅታት፣ «እንግዲያው ቁጭ በሉና ስሙት» አለች። ሦስቱም እንደገና ጀመሩ። «በጓን ማን ፈታት?» «እኔ አይደለሁም!» ሽማግሌዎቹ አንዴ ወደ ሙሉነሽ፣ አንዴ ወደ ሲሞን እየዞሩ ሲያዳምጡ፣ ከሕዝቡ መሃል ሸኩር የሚባለው ባለባጃጅ ላብ በላብ ሆኖ ወደፊት ወጣ።

«በቃ! እኔ ነኝ!» አለ። «ወላሂ ሐጂ፣ የባጃጄን ወንበር እየበላችብኝ ነበር። ላባርራት ብዬ ፈታኋት። ወደ ገበያው ሮጠች፤ በዚያው ቀረች።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሐጂ ዞረ።

«የቷ በግ?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

«የእርስዎ ናታ። ለአረፋ የገዟት።»

ሐጂ በጋቸውን ጅብ በላት ብለው ስንት ጊዜ ጅብ ሲረግሙ ኖረዋል። «ዱጉማ?» አሉ፤ «እውነት?» ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማል። ሽማግሌዎቹ ለእርቅ የመጡ ስለነበሩ እዚያው አስታረቁ፤ ሸኩርም ሐጂን ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ ሊያደርስ ተስማማ።

ከዚያ በኋላ በቤተል ሙዚቃ የሳቀ የለም። ክረምቱ ሲገባ የሐጂ ባለቤት ዙቤይዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጡ።

«ልጄ፣ ጃንጥላዬ ጠፋ። ጥቁር ነው፣ እጀታው ቡናማ። እባክሽ ድረሽልኝ» አሉ። ድርሰቱንም እርዳታውንም ማለታቸው ነበር።

ቤተል እምቢ ማለት አልቻለችም። መምህሩም ሁለተኛ ክፍል ጨምሪ ብለዋት ስለነበር፣ «ጃንጥላውን ማን ወሰደው?» የሚል ጨመረችበት።

የፈተናው ቀን ሸኩር ሰፈርተኛውን በባጃጁ እያመላለሰ አዳራሹን ሞላው። ፈታኞቹ ወረቀት ያያሉ፤ የሄርማታ ሰዎች ግን እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት። የበጓ ክፍል ሲዘመር ሸኩር አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ጃንጥላው ሲመጣ ሲሞን እንደልማዱ ቀድሞ ገባ፤ ሙሉነሽም እንደልማዷ ጮኸችበት።

«ጃንጥላውን ማን ወሰደው?» «እኔ አይደለሁም!» «ማን ወሰደው?»

ከፈታኞቹ ጋር የተቀመጡት አቶ ፈለቀ ክራባታቸውን አላሉ። ውሃ ጠጡ። በመጨረሻ እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ፣ አንዴ ቁሙ። እጀታው ቡናማ ነው?»

«እሱ ነው!» ብለው ዙቤይዳ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ልምምዱን ልሰማ የመጣሁ ዕለት ዝናብ ያዘኝ። በር ላይ አየሁትና ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ… ቢሮዬ ነው ያለው።»

ከአዲስ አበባ የመጣችው ፈታኝ ጽዮናዊት እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን ጠርጋ፣ «ተማሪዋ አድማጭን የመንካት ልዩ ችሎታ አላት» ብላ ጻፈች። ቤተል ኤ አገኘች።

አቶ ፈለቀ ጃንጥላውን ራሳቸው ሄርማታ ድረስ አመጡ፤ ዙቤይዳም ምሳ ጋበዟቸው። ሲወጡ ዝናቡ ወረደ። ዙቤይዳ ጃንጥላውን እቅፍ አድርገው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «በሰላም ይግቡ» እያሉ ሸኟቸው።

ቤተል አሁን ሰቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ታስተምራለች። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲመጣባት «መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂዱ» ትላለች። ሰሞኑን ግን የአንዲት ጎረቤቷ ዶሮ ነገር አሳዝኗት፣ ለአራት ድምፅ የሚሆን አንድ ነገር ጀምራለች።