ዲንቄ የሠራችው የክረምት ቤት

ልደታ ውስጥ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምረው ኮከቤ ኩማ ልጅ መትታ አታውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርላታል። የተማሪዋ የዲንቄ ነገር ሲነሳ ግን አንገቷን ደፍታ «መትቻት ቢሆን ይሻል ነበር» ትላለች። ነገሩ የሆነው በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ከበላይ አካል የመመሪያ ሰርኩላር እንጂ መጫወቻ አይመጣም። ስለዚህ ኮከቤ አብነት ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ አብዱልመናን የሚባለውን አናጢ ቁርጥራጭ እንጨት ለመነችው። እሱም በትንንሽ ጡብ ልክ ቆራርጦ፣ ስንጥር እንዳይወጋቸው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጣት። ቀለሙን ራሷ ቀባችው። ከዚያ ወዲያ ወቅቶችን የምታስተምረው በእነዚህ ጡቦች ሆነ። ልጆቹ መጀመሪያ በቀዩ ጡብ የየራሳቸውን ቤት ይሠራሉ። ቤቱ ሳይፈርስ ዙሪያው ብቻ ይለዋወጣል፤ በጋ ሲሆን ቡናማው ጡብ ይደረደራል፣ በልግ ሲሆን አረንጓዴው ብቅ ብቅ ይላል፣ መስከረም ሲጠባ ቢጫው ቤቱን ይከበዋል፣ ለክረምት ደግሞ ሰማያዊው ዝናብ ይሆናል። ሕጓ አንድ ነበር፤ «ያያችሁትን ብቻ ሥሩ» ትላቸዋለች።

ዲንቄ አምስት ዓመቷ ነው። እንዳለች የምትባለው እናቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቆሎ ትቸረችራለች፤ የሚኖሩትም በቀበሌ ቤት ነው። የክረምት ተራ የደረሰ ዕለት ዲንቄ ግድግዳውን አቁማ ጣሪያውን መሀል ላይ ክፍት ተወችው። ሰማያዊዎቹን ጡቦች ሌሎቹ ልጆች ውጪ ሲደረድሩ እሷ ቤት ውስጥ ከተተቻቸው።

«ይሄ ሳፋ ነው፣ ይሄ ድስት ነው፣ ይሄ ጣሳ ነው። እዚህ ጋ ያፈስሳል። አልጋው ወደ በሩ ሸሽቷል» አለች።

ኮከቤ ደስ ብሏት ሳቀች። ስንት ዓመት ስታስተምር ክረምትን እንዲህ አድርጎ የሠራ ልጅ አላየችም። «ጎበዝ!» ብላ አስጨበጨበችላት።

ጭብጨባው ሳያልቅ ዘበኛው በበሩ ብቅ ብሎ «ጓድ ወልደአማኑኤል እየመጡ ነው» አለ። ጓድ ወልደአማኑኤል የቀበሌው የቤቶች ኃላፊ ናቸው፤ ክረምት ሳይገባ የሚጠገኑ ጣሪያዎችን እየዞሩ የሚመዘግቡበት ሳምንት ነበር። ኮከቤ ዞር ብላ የዲንቄን ክፍት ጣሪያ አየች። አምና አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ አንድ ተማሪዋ በዘፈነው ዘፈን ተጠርታ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ስታደርግ አይታለች። የሚያፈስ የቀበሌ ቤት፣ ያውም በሕፃን እጅ የተሠራ! ቶሎ ብላ ሰማያዊዎቹን ጡቦች ከቤቱ አውጥታ ደጅ ደረደረቻቸው። የጣሪያውንም ክፍት በቀይ ጡብ ደፈነችው።

«እትዬ፣ የእኛ ቤት እኮ…»

«ቤት አያፈስም የኔ ቆንጆ። ውሃው ውጪ ነው» አለቻት።

ጓድ ወልደአማኑኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ከልጆቹ መሀል ቁጢጥ አሉ። የዲንቄን ቤት አይተው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የእንዳለች ልጅ መሆኗን ስትነግራቸው ደብተራቸውን ገለጡ።

«እናትሽ ጣሪያችን ያፈስሳል ብላ አመልክታለች። እውነት ያፈስሳል?»

ዲንቄ እሳቸውን አላየችም። ኮከቤን አየች።

«አያፈስም። ውሃው ውጪ ነው።»

ሰውየው ሳቁ፤ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው ደብተሩ ላይ የእንዳለችን ስም ሰረዙ። ኮከቤ ያኔ «ጓድ፣ እኔ ነኝ ያስባልኳት» ማለት ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። የወጣው ግን «ሻይ ላምጣልዎት?» የሚል ሆነ።

ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር ሁለቴ ቀበሌው በር ድረስ ሄዳ ሁለቴም ተመለሰች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀና ብላ የራሷን ጣሪያ ታይ ጀመር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አላስችል ሲላት፣ ልጆቹም ለክረምት ተበትነው ስለነበር፣ ጃንጥላዋን ይዛ እነዲንቄ ቤት ሄደች።

ሳፋው፣ ድስቱ፣ ጣሳው ዲንቄ ባስቀመጠቻቸው ቦታ ነበሩ። አልጋው በሩን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። እንዳለች ደረቁን በርጩማ አቀረበችላትና «እትዬ ኮከቤ፣ በዚህ ዝናብ! ልጄን ሰው አድርገውልኝ፣ ደግሞ መጠየቅዎ!» አለቻት። ኮከቤ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

ዲንቄ ግን መምህሯን ገና ስታይ ዘላ ተነሳች። ውሃ የሞላውን ሳፋ በሁለት እጇ ይዛ እየጎተተች ወደ ደጅ ልታወጣው ታገለች።

«እትዬ፣ አያፈስም! ውሃው ውጪ ነው!»

የጣሪያው ውሃ ሳፋው በለቀቀው ወለል ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ኮከቤ ሳፋውን ከእጇ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው። እንዳለች ፊት ተንበርክካም የልጅቷን ትከሻ ያዘች።

«ያፈስሳል፣ የኔ ልጅ። ያፈስሳል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን የዚያን ቀን የሆነውን ለእናትሽም ንገሪያት።»

ዲንቄ መጀመሪያ ዞር ብላ ሰው እየመጣ እንደሆነ በሩን አየች።