ወደ መካ የዞረ ፊት

አደጋው የገባኝ በምንኖርባት የሱዳን መንደር ባሱንዳ ላይ ተኩስ ከማሽላው ማሳ ውስጥ ሲሰማ ነው። ልጆቼን ይዤ ሎሪ ላይ ወጣሁ። አጠገባችን ጎረቤታችን፣ ሱዳናዊው ሽማግሌ፣ ተኝተው ያጣጥራሉ።

ፊታቸውን ሳይ ልጅነቴ መጣብኝ። ገዳሪፍ ከተማ ተቀጥሬ የማስታምማቸው ሙስሊም አሮጊት፣ ሐጃ፣ ሊሞቱ ሲሉ ጨነቀኝና ጠበል ረጨሁባቸው። በመዳፋቸው ጠረጉት።

«አንቺ ሐበሻ፣ ልታጠምቂኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «መውደድሽን አውቃለሁ። ፊቴን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሪልኝ፤ ይበቃኛል።»

አዞርኋቸው። በትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁንም ሎሪው ላይ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር የሽማግሌውን ራስ ወደ ቂብላ አዞራለሁ።

«እማ፣ እየተኮሱ እኮ ነው፤ ጎንበስ በይ!» አለች ልጄ።

«ዝም በይ! ፀሐይ በየት ወጣች?»

ሽማግሌው ድንበሩ ላይ ያለችው ገላባት ሳንደርስ አረፉ። ድንበሩን ተሻግረን መተማ ገባን። ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ ተርፈናል።