የማሽን ድምፅ

ሰባት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። በጠመኔ ሳታሰምር ቀጥ አድርጋ ስለምትሰፋ “መስመር” እንላት ነበር። ቀልድ ታውቅበታለች፤ አለቃችንን አስመስላ ስትናገር እንባችን እስኪመጣ እንስቅ ነበር።

ጨርቅ ቆራጩ መጋዘን ውስጥ ከደፈራት በኋላ አንገቷን ደፋች። በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን በጆሮዬ፣ “ብቻዬን መግባቴ ነው ጥፋቱ። ራሴን ነው የምጸየፈው” አለችኝ። እኔም ጓደኛ ተብዬዋ “አይዞሽ፣ ይረሳል” አልኳት። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ለጠላትም አይስጥ።

አለቃችን ደግሞ ያዘነችላት መስሏት ማሽኗን ከመጋረጃ ጀርባ አስገባችው። “ሰው እንዳያይሽ ብዬ ነው፣ እህቴ።” ቆራጩ ግን መስኮቱ ሥር፣ ጥሩው ብርሃን ላይ ሆኖ እያፏጨ ይቆርጣል። “እንደሱ ያለ ቆራጭ ከየት ይመጣል?” ትላለች። ማን መደበቅ እንዳለበት እንኳ የማይገባው ጭንቅላት ይዛ ነው እኛን የምታዝዘን። እኛ ተብዬዎቹም መጋረጃውን አብረን ሰቀልን።

እናቷ ባትጎተጉታት አትከስም ነበር። ክሱ የቆመው በእኛ ምስክርነት ላይ ነው፤ ጩኸቷን ከእኛ በቀር የሰማ የለም። ፖሊስ ጣቢያ አንዲት መርማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ደርድራ ጠየቀችን። አለቃችን ቀድማ፣ “የማሽኑ ድምፅ አላሰማንም በሉ” ብላ አስጠንታን ነበር። ስምንታችንም በየተራ እንደዚያው አልን። ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

መስመር ጥግ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። ስምንተኛዋ ስትጨርስ ግን ቀና አለች። ፊቷን በደንብ ካየሁት ስንት ሳምንቴ።

“የምን ማሽን?” አለች። “የዚያን ቀን እኮ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሸሚዝ ቁልፍ በእጅ ነው የምንተክለው። ሁላችሁም መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጣችሁ ቁልፍ ስትተክሉ ነበር። እኔ ምን አደረግኩና ነው የማፍረው?”

አለቃችን እዚያው አጠገባችን ሆና የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

መርማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። “መብራት ነበር?”

“አልነበረም።”

“ታዲያ ምን ሰማሽ?”

“ስትጣራ ሰማሁ” አልኩ። “የምትጣራው እኔን ነበር።”