እጇን የያዘችው ሴት

ሕይወታችን እንደወትሮው በነበረበት የመጨረሻ ቀን፣ ከእህቴ ጋር ሃቫና ስትሪት በሚባለው የከተማችን ጎዳና በኩል ወደ ሥራ እንሄድ ነበር። ሁለታችንም አየር ማረፊያ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እንገፋለን። የምትነዳው እሷ ናት። አንድ መኪና ድንገት ፊታችን ሲገባ እኔ ተሳደብኩ። እሷ ዝም ብላ ተነፈሰች።

«በቃ መነኩሲት ሆነሽ ቀረሽ» አልኳት።

«አንተም ክላክስ ሆነህ ቀረህ» አለችኝ።

ይህን እርጋታ ያስተማረቻት አብራን የምትሠራ ቬትናማዊት ናት። በዕድሜ እናታችንን ታክላለች፤ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። የመጣውን እንዳለ ማየት፣ አለመሸሽ፣ በቃ ይኸው ነው ትል ነበር እህቴ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን ግን አልተወችም። እኔ እስቅባት ነበር። ሳህን ስታጥብ ሳህን ብቻ ታጥባለች፤ ስልኳን አታይም። ሳወራትም እኔን ብቻ ትሰማለች። እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም። አመሰግናታለሁ።

በማግስቱ እኔ ዕረፍት ነበርኩ። እሷ ሥራ ላይ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሆስፒታል ስደርስ አርፋለች። ቬትናማዊቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። አምቡላንስ ውስጥም ቢሆን የእህቴን እጅ እንዳልለቀቀች ነገረችኝ።

ቤታችን በሰው ሞላ። በቅጡ የማላውቃቸው ሁሉ ምግብና ወንበር ይዘው መጡ። እግዜር ይስጣቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው፣ አዲስ አበባ ሲነጋ ዘመድ እናታችን ቤት ድረስ እንዲሄድ አደረጉ። እዚህ ገና ምሽት ነበር። እንደሰማች እንደምትደውል እናውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና፣ እናትህ ልጄ ብቻዋን ሞተች ብላ እንዳትጎዳ፣ አብሬያት ነበርኩ እንድላት መከሩኝ። ለእሷ አዝነው ነው። እኔም እሺ ብዬ ነበር።

ስልኩ ጠራ። የእናቴ ድምፅ በለቅሶ ሰልሏል።

«አብረሃት ነበርክ?»

ሁሉም ያዩኛል። የእህቴ ትምህርት ትዝ አለኝ ማለት አልችልም። ምንም ትዝ አላለኝም። ብቻ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«አልነበርኩም፣ እማዬ። ቤት ነበርኩ። አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ግን እጇን ይዛት ነበር። እስከ መጨረሻው።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«ክርስቲያን ናት?» አለች እናቴ።

«አይደለችም።»

«ልጅ ወልዳለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንተ ራስህ ሂድ። ጉልበቷን ስመህ የልጅቷ እናት እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በላት።» ከዚያ አለቀሰች። ስልኩን ሳልዘጋ አብሬያት አለቀስኩ።

ጠዋት ልወጣ ስነሣ፣ ለቅሶ ተጥሎ አይወጣም አሉኝ። ሽማግሌው ግን የመኪና ቁልፋቸውን አነሱና እኔ አደርሰዋለሁ አሉ። ወደ አየር ማረፊያው ሄድን። ቬትናማዊቷ ባዶ ዊልቸር ይዛ ተረኛ መንገደኛ ትጠብቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሻንጣ እየጎተተ በአጠገባችን ያልፋል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። ደንግጣ ልታነሣኝ ጎንበስ ስትል፣ የእናቴን ቃል በማውቀው እንግሊዝኛ ነገርኳት።