ሱሉልታ ላይ ሰው ያነሣሁበት ክረምት

የወጣሁ ሌሊት እናቴ ከኔ ቀድማ ተነሥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ብቸና ገበያ ጤፍ የጫነው መኪና ከነጋ አይጠብቅምና ጨረቃ ሳትገባ መድረስ ነበረብኝ። ስንቄን አሸከመችኝ፣ ጋቢዬን አስተካከለችልኝ፣ ከዚያ እጄን ይዛ፣ «እዚያ ስትታመም ማን ውሃ ያቀብልሃል?» አለችኝ። ሰው መች ጠፍቶ አልኳት። «ሰው ቢሞላ ላንተ ምንህ ነው? የኔ የምትለው ነው እንጂ ሰው» አለች። ሳቅሁባት። ወጣት ነበርኩ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ሰምቼ ልቤ የጠፋ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ስደት ሲባል ባሕር መሻገር ብቻ ይመስላችኋል። አባይን መሻገር አይበቃም ወይ? ደጀን ላይ ቁልቁል ስንገባ ሾፌሩ ዘለቀ አማተበ፣ እኔም ከጤፉ ጆንያ ላይ ሆኜ አማተብኩ። የበረሃው ሙቀት እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። በወዲያኛው ዳገት ጎሐ ጽዮን ወጥተን ዞር ብል ጎጃም ማዶ ቀርቷል። ያኔ ነው ሆዴ የባባው፤ ግን ለማን ይነገራል፣ ዘለቀ ያፏጫል።

ሱሉልታ የወረድኩት የመንገድ ሥራ ዕቃ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ስለተባለ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ናት፣ አዲስ አበባ በለው አሉኝ። ብርዷን ያነሣልኝ የለም። ክረምት ሲገባ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ ከብቱ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይግጣል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። እንጀራው የገብስ ነው፣ ጉሮሮዬ የኛን ቀይ ጤፍ እየጠየቀ አስቸገረኝ። ወተቱን ግን አልዋሽም፣ የኛ አገር ወተት የሱሉልታን አጓት አያህልም። ሰላምታውም ሌላ ነው። እኛ «እንደምን አደርክ» ብለን እናልፋለን፤ እዚህ «አከም ጅርታ» ብሎ የጀመረህ ሰው ከብቱን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን ጠይቆ እስኪጨርስ ዝናብ ይወርድብሃል። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላውቅ ሁሉንም «ነጋዳ፣ ደህና ነው» እያልኩ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ።

የተከራየሁት ኦቦ ዲሪባ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ባማርኛም በኦሮምኛም ሰው የሚያናድዱ ሽማግሌ ናቸው። ጣራው ያፈሳል ብዬ አቤት ብላቸው፣ «አልጋህን አዙረው» አሉኝ። አዞርኩት። እዚያም ያፈሳል አልኳቸው። «እንግዲህ አንተ ዙር» አሉኝ።

ካሜራዋን ያገኘኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ የጣሊያን ፎርማን ነው። ጥቁር ሣጥን ናት። ሆድህ ላይ አስጠግተህ አጎንብሰህ ከላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ትመለከታለህ፤ የቆመው ሰው ግራና ቀኙ ተዛውሮ እዚያ ውስጥ ይታይሃል። ፀሐይ ካላገኘች ደግሞ ምንም አታወጣም፣ ስለዚህ የሱሉልታ ክረምትና እሷ ጠላቶች ነበሩ። ሥራዬ አይደለችም፣ ሱሴ ናት። እሑድ እሑድ አንግቻት እዞራለሁ፤ የሞላውን ፊልም የእንጦጦን ዳገት አሻግሬ ፒያሳ አሳጥበዋለሁ።

ሰው ግን አልነሣ አለኝ። ኦቦ ዲሪባን ለመንኳቸው። «መጀመሪያ ፈረሴን አንሣው፣ ሳምንት ቆይቶ ካልሞተ እኔን ታነሣኛለህ» አሉ። ፈረሱን አነሣሁት። ሳምንት አለፈ፣ ወርም አለፈ፣ ፈረሱ ጭራሽ ወፈረ። «እሱማ ፈረስ ነው» አሉኝ።

የምክትል ወረዳው ጽሕፈት ቤትም ጠርቶኛል። ድልድይ ታነሣለህ ተብሏል፣ ማን ፈቀደልህ አለኝ ጸሐፊው። ድልድዩን አይደለም፣ ድልድዩ ላይ የቆመውን ሰው ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ሰውየውን ከድልድዩ አውርደህ አታነሣውም ነበር?» አለኝ። የጃንሆይ ሥዕል ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያየናል። እሳቸው ሲነሡ ማን ፈቀደ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

ለምን ሰው ላነሣ እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። ዘለቀ በተመላለሰ ቁጥር እናቴ ድርቆሽና ማር ትልክልኛለች፣ ከዕቃው ጋር ያችኑ ጥያቄ ትልካለች። ሰው አገኘ ወይ? ማን አለው? አለኝ ብዬ ብልክባት አታምንም። ፊደል አታውቅም፣ በቃል የተላከውን ደግሞ ሾፌር የሚጨምረው ነው ትላለች። ስለዚህ ለመስቀል ፈቃድ ወስጄ ስሄድ የሱሉልታን ሰው ሁሉ በፎቶ ይዤ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጫት አንድ ባንድ ላሳያት ቆረጥኩ። ይቺ ወተት የምትሸጥልኝ፣ እኒህ አከራዬ፣ እኒህ ደግሞ ቢከፋብኝ የሚቀብሩኝ። በተለይ የእድሩን ሰው ባንድ ላይ። ብታየው እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሌላ አልፈለግሁም።

እድሩ ግን አላስገባኝም ነበር። ዳኛው ባሻ ወልዴ የሚባሉ፣ በልብስ ንግድ የኖሩ የቡልጋ ሰው ናቸው። ሚስት የለህ፣ ቦታ የለህ፣ ዋስ የለህ፣ ነገ ብድግ ትላለህ አሉኝ። ተሰብስቦ ፎቶ መነሣትማ ጭራሽ፣ ባንድ የተነሡ ባንድ ያልቃሉ ብለው ሴቶቹ ጮኹብኝ።

በዚያ ዓመት ሰኔ ሲጋመስ ዘለቀ መጣ። የአባይ ገደል እየተናደ ነው፣ ከዚህ በኋላ እስከ መስከረም መኪና አያልፍም አለ። ድርቆሼስ ስለው ብቸና አላደርኩም፣ ቸኩዬ እናትህን ሳላገኝ መጣሁ አለኝ። ከኦቦ ዲሪባ ጋር በረት ጀርባ ቆመው ሲያወሩ አየሁ። የሣር ጭነት ነው ብዬ አለፍኩ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሱሉልታ ሌላ አገር ሆነችልኝ። በማግስቱ ኦቦ ዲሪባ በዚያ ዝናብ ጣራዬ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ ደረስኩ። አልጋዬን ላዙረው ወይ አልኳቸው ለመቀለድ፤ ሌላ ምስማር መቱ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት ይዘው ይመጡ ጀመር። «ታኢ» ይሉኛል፣ ተቀመጥ ነው፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ቆመው ያዩኛል። «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። እኔ ሞኙ ምላሴ ተፈታልኝ፣ ኦሮምኛዬ ቀናልኝ፣ ለዚህ ነው የወደዱኝ አልኩ።

ኦቦ ዲሪባ አንድ ቀን ፀሐይ ብቅ ስትል ራሳቸው በርጩማ አውጥተው፣ አንሣኝ አሉኝ። ፈረሱ እኮ አለ አልኳቸው። «አንሣኝ ካልኩህ አንሣኝ» አሉ፣ ዓይናቸው ወደኔ አልዞረም። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ከልቅሶ የሚመለሱት ጭቃቸውን ሳያራግፉ ይቆሙልኛል፤ አረም ለማረም ደቦ የወጡት ወገባቸውን አቅንተው ይቆሙልኛል፤ ያ የምክትል ወረዳው ጸሐፊ እንኳ ድልድዩ ላይ ቆሞ ተነሣ። እድሩም በሐምሌ ያለ ዋስ አስገባኝ። ያን ዕለት በደስታ ራቴን አልበላሁም። አገኘሁ እኮ! እናቴ የምትለውን ሰው አገኘሁ!

የሐምሌ ሚካኤል ማኅበር ባሻ ወልዴ ቤት ነበር። ጠላው ጥሩ ነበር፣ እኔም ጎጃሜ ነኝና ተነሥቼ ትከሻዬን ፈታሁት። አጨበጨቡልኝ፤ ጭብጨባው ግን ቶሎ ቶሎ እየከሰመ ያስቸግራል። ወዲያው ወደ ደጅ አስወጥቼ አሰልፌ ላነሣቸው ስል ፊታቸው ሁሉ ተኮማትሯል። «ሰዎች፣ የሐዘን ቤት አስመሰላችሁት፣ ሳቅ በሉ እንጂ!» አልኩ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከሰልፉ ወጡ። ወጥ ተጥዶ ይሆናል ብዬ ቀሪዎቹን አነሣኋቸው። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ነሐሴ በጾምና በጉም አለቀ። ለፈቃዴ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፣ የእድሩ ሰው ባንድ ላይ። ባሻ ወልዴን ሄጄ ለመንኳቸው፤ ለራሴ አይደለም፣ እናቴን ላሳያት ነው፣ እሷ ካላየች አታምንም አልኳቸው። «አዲሱ ዓመት ይግባ» አሉኝ፣ «ሁላችንም ደጅህ ድረስ እንመጣለን።» በጋቢያቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ዝናብ ነበርና ልብ አላልኩም።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ገና ወፍ ሲንጫጫ በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ ጋቢና ነጠላ ብቻ ይታያል። ባሻ ወልዴ ከፊት ቆመዋል። «እንደምን አደርክ» አሉኝ። እኔ የሚናገሩበት ጊዜ መች ሰጠኋቸው! ቃላችሁን ጠበቃችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን በዚህ ጉም አይሆንም፣ ፀሐይ እስክትወጣ ታገሡኝ እያልኩ ሮጬ ካሜራዬን አወጣሁ። በርጩማ ከየቤቱ ሰበሰብኩ። ሽማግሌዎቹን ከፊት አስቀመጥኩ፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አቆምኩ፣ ሴቶቹን በጎን። ባሻን በትከሻቸው ይዤ አስቀመጥኳቸው፣ እንደ ልጅ ታዘዙኝ። ኦቦ ዲሪባ፣ «አንድ ጊዜ ስማኝ» ሲሉ፣ ከተነሣን በኋላ አልኳቸው።

ቆሙልኝ። አንድም ሰው ሳይሄድ፣ ሳይነጋገር፣ ጉሙ እስኪነሣ ቆሙልኝ። ፀሐይዋ ከእንጦጦ በኩል ብቅ ስትል ሣጥኗን ሆዴ ላይ አስጠግቼ አጎነበስኩ።

በመስታወቷ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የሴቶቹን ነጠላ ነው። ጥለቱ ሁሉ ወደ አንገት ዞሯል። የወንዶቹም ጋቢ ተዘቅዝቋል። የእድር ልቅሶ ሊሄዱ ይሆናል፣ ማን ሞቶ ነው ብዬ ሳስብ፣ ከኋላ ከረጃጅሞቹ መሃል፣ እኔ ያላቆምኩት አንድ ሰው አየሁ። ራሱን ተላጭቷል። አጎቴ ጥሩነህ ነው፤ ብቸና ያለው፣ የእናቴ ወንድም።

ቀና ማለት አቃተኝ። ካላየሁት የሌለ መሰለኝ። ጣቴ መቼ እንደተጫነው አላውቅም፣ ቀጭ ሲል ብቻ ሰማሁት።

አጎቴ ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ። «ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጠው» አለኝ።

«መቼ?» አልኩት።

«በግንቦት» አለ።

ያኔ ነው አዴ ጫልቱ የጮኹት፤ ክረምቱን ሙሉ አምቀው የያዙትን ለቀቁት፣ ግቢው ሁሉ ተከተላቸው።

በኋላ ነገሩ ሁሉ ተነገረኝ። ዘለቀ መርዶውን ለኦቦ ዲሪባ አምጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዘመድ የሌለውን ሰው ብቻውን ማርዳት ነውር ነው፣ ከወገኑ አንድ ሰው ይምጣ ተባለ። ገደሉ ተንዷል፣ አባይ አይታለፍም፤ እንግዲህ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። የወረዳው ጸሐፊ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ሳይቀር። የማያውቅ አንድ እኔ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ትከሻዬን ስፈታ ያጨበጨቡልኝ ዝም ብል እጠረጥራለሁ ብለው ነው። ልቆጣቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ብቸና ብሆን፣ አንድ እንግዳ ከሱሉልታ መጥቶ እኛ ጋ ቢሆን፣ እኔም ልክ እንደሱ አደርግ ነበር። ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ የምወቅሰው አጣሁ።

እድሩ ድንኳን ተከለልኝ። ሦስት ቀን ሰው ከደጄ አልጠፋም። እኔ የሱሉልታ ሰው የሆንኩት እንዲህ ነው፤ ሱሉልታን ለምደህ ቀረህ የሚሉኝ ግን አያምኑኝም።

ፊልሙን አሳጠብኩት፣ ተንጋዶ ወጥቷል። የክረምቱን ፎቶዎች ሁሉ ደርድሬ አየኋቸው። ያንን ሁሉ ጊዜ ወደ ካሜራው የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

አጎቴ ሲመለስ፣ ስጠኝ ወስጄ ለአገሩ ሰው ላሳይልህ፣ ሰው አግኝቷል ብዬ ልንገርልህ አለኝ። ደግ ልቡ ነው፣ አውቃለሁ። እስከ መኪናው ሸኘሁት፣ ጋቢውን አስተካከልኩለት፣ ዘለቀ ሞተሩን አስነሣ።

ፎቶዎቹን ግን አልሰጠሁትም። ለአገሩ ሰው አልነበረም ያነሣኋቸው።