አባቴ የሳለው አትክልት ቦታ መጋላ ተገኘ

ዛሬ በቀትር፣ ድሬ እንቅልፏን ስትለጥጥ፣ መጋላ ገበያ በሩ ገርበብ ያለ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሟቹ አባቴ የሳለውን ሥዕል አየሁት።

በውሃ ቀለም የተሳለ አትክልት ቦታ ነው፤ በመቀስ የተስተካከለ የቅጠል አጥር፣ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ መሃሉ ላይ ፏፏቴ። አባቴ በግቢያችን ከአንድ ቁልቋል በቀር ምንም አላበቀለም።

የቤቱን ዕቃ ስንሸጥ ሥዕሉን በስህተት አብሬ የሸጥኩት እኔ ነኝ።

«እናቴ፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው ባለሱቋን።

«አቦ ተወኝ! ወላሂ አልሸጥም። ሙቀቱ ሲጠና እዚያ አትክልት ቦታ ውስጥ ነው የምቀመጠው።»

«መቀመጫ የለውም እኮ።»

«የሳለው ሰውዬ ረስቶት ነው» አሉና ከሥዕሉ ፊት የፕላስቲክ ወንበር ሳቡልኝ።

ተቀመጥኩ። ሰውየው አባቴ መሆኑን አልነገርኳቸውም። የሱቁ ቬንቲሌተር ሲዞር ቅጠሎቹ የተወዛወዙ መሰለኝ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ነገም በቀትር እሄዳለሁ።

እናንተስ ከቤታችሁ የወጣ ዕቃ ሰው ቤት ደልቶት አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?